ቆጥ፣ ኮርኒስና ፊዚክስ፦ ለአዲስ ቤት የጣሪያ ሥር ወለል እንዴት ይመረጣል?

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን አባባል የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብለን አንገምትም። አባባሉ የሚጠቀሰው ብዙውን ጊዜ በብብት ስላለው ነገር ለማስጠንቀቅ ነው። እኛ ግን ዛሬ ብብቱን ለጊዜው ትተን ስለ ቆጡ እንነጋገራለን። ቆጥ ከምን ቢሠራ ይሻላል? ምን ያህል ይሸከማል? ከሥሩ የሚኖረውን ሰው ከቀን ሐሩርና ከሌሊት ቁር የሚጠብቀውስ እንዴት ነው? ጥያቄዎቹ የአናጢ ጥያቄዎች ቢመስሉም መልሳቸው በአብዛኛው በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል።

ወደዚህ ርእስ የገፋፉን ሁለት ገጠመኞች ናቸው። የመጀመሪያው የተማሪነት ዘመናችን ትዝታ ነው። በአንድ ዘመድ ቤት የቴሌቪዥን አንቴና ሽቦ ለመዘርጋት ከቆርቆሮው ሥር ገባን። «ሞራሌ ሞራሌውን እየረገጣችሁ ሂዱ» ተብለን ነበር። ጨለማው በርትቶ ስለነበረ አንድ እግራችን ከሞራሌው ስቶ ችፑዱን ረገጠ። ችፑዱ ተሰነጠቀ፤ እግራችንም እስከ ጉልበቱ ድረስ በመኝታ ቤቱ ኮርኒስ በኩል ብቅ አለ። ስብርባሪው የወረደው በአንድ ትንሽ አልጋ ላይ ሲሆን፣ በዚያ አልጋ ተኝቶ የነበረው ሕፃን ከተነሣ ገና ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላውም ነበር።

ሁለተኛው ገጠመኝ የቅርብ ነው። ታናሽ ወንድማችን በአዲስ አበባ ዳርቻ ቤት መሥራት ሲጀምር እናታችን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ «ልጆቼ፣ ቆጥ የሌለው ቤት ምኑን ቤት ሆነ? እህሉንስ የት ልታደርጉት ነው?» አለች። አናጢው በበኩሉ «ችግር የለም እማማ፣ ኮርኒሱን ትንሽ ጠንከር አድርገን እንሠራዋለን» ሲል መለሰላት። ያ «ትንሽ ጠንከር» የሚለው ቃል እንቅልፍ ነሣን። ምክንያቱም እናታችን የምትተኛው ከዚያው ሥር ነው።

ሣሩ ሲነሣ

በቀድሞው የደጋ ቤት የጣሪያው ክዳን ሣር ነበር። ቆጡም ከክዳኑ ሥር ከእንጨት ርብራብ የሚሠራ፣ እህልና የቤት ዕቃ የሚቀመጥበት መደብ ነው። ከምድጃው የሚወጣው ጢስ እንጨቱን ከነቀዝ ይጠብቀዋል። በዚያ ቤት ውስጥ ሁለቱ ሥራዎች የተለያዩ ባለቤቶች ነበሯቸው፤ ሙቀትንና ቅዝቃዜን የሚከላከለው ሣሩ ሲሆን ሸክም የሚሸከመው ቆጡ ነበር።

ቆርቆሮ ሲመጣ ይህ የሥራ ክፍፍል ፈረሰ። ምክንያቱን በቁጥር እንመልከት። አንድ ቁስ ሙቀትን የመከላከል ዐቅሙ የሚገኘው ውፍረቱን ለሙቀት አስተላላፊነቱ በማካፈል ነው። የሣር ክዳን አስተላላፊነት ወደ 0.07 ዋት በሜትር በኬልቪን ይጠጋል። 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ክዳን እንግዲህ 0.20 ÷ 0.07፣ ማለትም 2.9 ገደማ የመከላከል ዐቅም አለው። የብረት አስተላላፊነት በአንጻሩ 50 ያህል ነው፤ ውፍረቱ 0.35 ሚሊ ሜትር የሆነ ቆርቆሮ የመከላከል ዐቅሙ 0.000007 ብቻ ይሆናል። በአጭሩ ቆርቆሮ ዝናብ ይከለክላል እንጂ ሙቀት አይከለክልም። ሣሩ ሲነሣ ሥራው የቀረው ለኮርኒሱ ነው። በሙቀት ረገድ የዘመናዊው ቤት እውነተኛ ጣሪያ ቆርቆሮው ሳይሆን ከሥሩ ያለው ወለል ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

በትምህርት ምክንያት በውጭ አገር በቆየንባቸው ዓመታት ይህንኑ እውነት ከሌላ አቅጣጫ አይተነዋል። በዚያ ክረምት በረዶ ከጣለ በኋላ በመንደሩ ውስጥ ስንዘዋወር፣ በአንዳንዱ ጣሪያ ላይ በረዶው ቶሎ ሲቀልጥ በሌላው ላይ ግን ለቀናት ነጥቶ ይቆይ ነበር። በጎ የሚመስለው በረዶው የቀለጠለት ቤት ነው፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በረዶው የቀለጠው ባለቤቱ ገንዘብ ከፍሎ ያሞቀው አየር ሙቀቱን በጣሪያው ወለል በኩል ስለለቀቀ ነው።

ሙቀት በሦስት መንገድ

እንደሚታወቀው ሙቀት ከቦታ ወደ ቦታ የሚጓዘው በሦስት መንገዶች ነው፤ በንክኪ፣ በፈሳሽ ወይም በአየር ዝውውር እና በጨረራ። በጣሪያ ሥር ሦስቱም ይገኛሉ።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ ፀሐይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ግድም በእኩለ ቀን በአናታችን ላይ ትሆናለች፤ በሌላውም ወር ከአናታችን ብዙ አትርቅም። የምትመታውም ከግድግዳው ይልቅ ጣሪያውን ነው። ሰማዩ በጠራበት ቀትር በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 1000 ዋት ያህል የፀሐይ ኃይል ይወርዳል። አራት በአራት ሜትር በሆነች አንዲት ክፍል ጣሪያ ላይ 16 ኪሎ ዋት ማለት ነው።

ቆርቆሮው ይህን ኃይል ተቀብሎ ይግላል፤ ከዚያም ወደ ታች ይረጫል። የቆርቆሮው መጠነ ሙቀት 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የኮርኒሱ ደግሞ 27 ዲግሪ ነው እንበል። በስቴፋንና በቦልትዝማን ሕግ መሠረት ጨረራ ከመጠነ ሙቀት አራተኛ ርቢ ጋር ስለሚያድግ፣ ሁለቱም ፍጹም ጥቁር አካላት ቢሆኑ ወደ ኮርኒሱ የሚወርደው የተጣራ ጨረራ በካሬ ሜትር 238 ዋት ገደማ ይሆናል። የዛገ ወይም ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ለጥቁር አካል የቀረበ ስለሆነ ወደ 195 ዋት ይለቃል። አዲስ አብረቅራቂ ቆርቆሮ ግን ጨረር የመልቀቅ ችሎታው ደካማ በመሆኑ 60 ዋት እንኳ አይሞላም። ቤቱ አዲስ ሳለ ቀዝቀዝ ብሎ ከዓመታት በኋላ የሚግልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከኮርኒሱ በላይ የአየር ክፍተት ተትቶለት የአሉሚኒየም ፎይል ቢነጠፍ፣ ከዛገው ቆርቆሮ ሥር ሆኖም ቢሆን ጨረራው ወደ 12 ዋት ዝቅ ይላል። ፎይሉ አቧራ ከለበሰ ግን ይህ ጥቅሙ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ስለዚህ አብረቅራቂው ፊቱ ወደ ታች ሆኖ ከወራጆቹ ሥር ቢዘረጋ ይመረጣል። ወደ ታች የዞረ ፊት አቧራ አይጠራቀምበትም።

አሁን ወደ ወለሉ እንምጣ። በገበያ ላይ የሚገኙትን ቁሶች የመከላከል ዐቅም ብናሰላ የሚከተለውን እናገኛለን፦

8 ሚሊ ሜትር ችፑድ፦ 0.06
12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ፦ 0.09
12.5 ሚሊ ሜትር የጂፕሰም ሰሌዳ፦ 0.06
25 ሚሊ ሜትር የእንጨት ጣውላ፦ 0.19
15 ሴንቲ ሜትር የኮንክሪት ሶሌታ፦ 0.10
5 ሴንቲ ሜትር የመስታወት ጥጥ፦ 1.25

ተማሪዎቻችን ይህን ሰንጠረዥ ሲያዩ ሁልጊዜ የሚገርማቸው አንድ ነገር አለ። 15 ሴንቲ ሜትር የሚወፍረው ኮንክሪት፣ ውፍረቱ ስድስተኛው ብቻ ከሆነው ጣውላ ያነሰ የመከላከል ዐቅም አለው። ወፍራምና ከባድ መሆን ብቻውን ሙቀትን አይከላከልም ማለት ነው። ሙቀትን አጥብቆ የሚከላከለው ጸጥ ብሎ የታሰረ አየር ነው። የመስታወት ጥጥም ሆነ ጭድ ወይም የበግ ጠጉር ሥራቸው አየርን በትናንሽ ክፍተቶች ውስጥ አስሮ መያዝ ነው።

ይሁንና ኮንክሪትን ያለ ፍርድ አናውግዘው። ኮንክሪት ሙቀትን በመከልከል ሳይሆን በማከማቸት ይረዳል። አንድ ካሬ ሜትር የ15 ሴንቲ ሜትር ሶሌታ 360 ኪሎ ግራም ያህል መጠነ ቁስ ስላለው በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 324 ኪሎ ጁል ይፈልጋል። የቀትሩ ሙቀት ሶሌታውን አልፎ ከሥሩ እስኪደርስ አራት ሰዓት ያህል ይዘገያል። ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ በሆነበት በደጋው አየር ይህ መዘግየት ትልቅ ጸጋ ነው። የትግራይ ሕድሞና የሐረር ከተማ ቤቶች ወፍራም የአፈር ጣሪያም ይህንኑ ጥበብ ከእኛ ስሌት አስቀድሞ ያውቀው ነበር።

ቁጥሮቹ በኑሮ ላይ ምን ለውጥ ያመጣሉ? ከቆርቆሮው ሥር ያለው አየር 45 ዲግሪ፣ የክፍሉ ደግሞ 25 ዲግሪ ነው እንበል። ከወለሉ በላይና በታች የሚገኙት ቀጫጭን የአየር ንጣፎች በጋራ 0.3 ያህል የመከላከል ዐቅም አላቸው። ባለ 8 ሚሊ ሜትር ችፑድ ኮርኒስ ብቻ ካለን በካሬ ሜትር 55 ዋት፣ በ16 ካሬ ሜትር ክፍል ደግሞ 890 ዋት ገደማ ይወርዳል። ቀኑን ሙሉ አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ከራስ በላይ በርቶ እንደ ዋለ ነው። በችፑዱ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር የመስታወት ጥጥ ብናነጥፍ ግን 200 ዋት ብቻ ይሆናል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ያው ወለል በተቃራኒው አቅጣጫ የክፍሉን ሙቀት ጠብቆ ያሳድራል። ለአረጋዊት እናት ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጤናም ጉዳይ ነው።

ማስመሪያውን እንጠይቅ

ስለ ሸክም ለመነጋገር የሚያስፈልገን መሣሪያ አንድ የፕላስቲክ ማስመሪያ ብቻ ነው። ማስመሪያውን በሁለት መጻሕፍት መካከል አጋድሙትና መካከሉን በጣት ጫኑት፤ በቀላሉ ይጎብጣል። ያንኑ ማስመሪያ በጠርዙ አቁማችሁ ጫኑት፤ ንቅንቅ አይልም። ፕላስቲኩ ያው ነው፤ የተለወጠው የቁመቱ አቅጣጫ ብቻ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። አንድ አግዳሚ እንጨት ጉብጠትን የመቋቋም ዐቅሙ ከወርዱ ጋር በቀጥታ፣ ከቁመቱ ጋር ግን በሦስተኛ ርቢ ያድጋል። ወርዱን እጥፍ ብናደርግ ዐቅሙ እጥፍ ይሆናል፤ ቁመቱን እጥፍ ብናደርግ ስምንት እጥፍ ይሆናል። 5 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ እንጨት በጠርዙ ከቆመ፣ ከተጋደመበት ጊዜ ይልቅ ጉብጠትን አራት እጥፍ ይቋቋማል፤ ላለመሰበር ደግሞ ሁለት እጥፍ ይበረታል።

የአናጢውን «ትንሽ ጠንከር» አሁን እንመርምር። ለመኖሪያ ቤት ወለል በብዙ አገሮች ደንብ የሚታሰበው ሸክም በካሬ ሜትር ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ኒውተን ነው፤ ይህም ከ150 እስከ 200 ኪሎ ግራም ማለት ነው። ለቆጣችን ዝቅተኛውን 1.5 እንውሰድና ለወለሉ ለራሱ ክብደት 0.3 እንጨምር። አግዳሚዎቹ በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ቢደረደሩና እያንዳንዱ 3 ሜትር ቢዘረጋ፣ አንዱ አግዳሚ በሜትር 1.08 ኪሎ ኒውተን ይሸከማል።

ለኮርኒስ የተለመደውን 4 በ5 ሴንቲ ሜትር ሞራሌ ብንጠቀም፣ ስሌቱ የሚሰጠን ጉብጠት 27 ሴንቲ ሜትር ነው! በውስጡ የሚፈጠረው ውጥረትም ከ70 ሜጋ ፓስካል በላይ ይሆናል። ተራ የግንባታ እንጨት ይህን ያህል አይችልም፤ ሞራሌው እዚያ ጉብጠት ላይ ከመድረሱ በፊት ይሰበራል። በምትኩ 5 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ አግዳሚ በጠርዙ አቁመን ብንጠቀም ጉብጠቱ 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ልብ በሉ፤ የእንጨቱ መጠን የጨመረው ከአራት እጥፍ ባነሰ ሲሆን ግትርነቱ ግን 34 እጥፍ ገደማ ጨምሯል። ገንዘብ ሳይባክን ብርታት የሚገኘው ቁመት በመጨመር ነው የምንለው ለዚህ ነው።

የርዝመት ነገር ከዚህም ይብሳል። በእኩል የተሰራጨ ሸክም ሲኖር ጉብጠት ከአግዳሚው ርዝመት አራተኛ ርቢ ጋር ያድጋል። ያው 5 በ15 እንጨት በ3 ሜትር ፈንታ በ2 ሜትር ላይ ቢዘረጋ ጉብጠቱ በአምስት እጥፍ ይቀንሳል። እንግዲህ ዕቃ ማስቀመጥ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ምን ዓይነት እንጨት ልግዛ?» ሳይሆን «በቤቴ ውስጥ ግድግዳዎቹ የተቀራረቡበት ቦታ የትኛው ነው?» ብሎ ነው።

በአግዳሚዎቹ ላይ የሚነጠፈው ሰሌዳም የራሱ ስሌት አለው። የተማሪነታችንን አደጋ እናስታውስ። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት በተደረደሩ ሞራሌዎች መካከል ባለ 8 ሚሊ ሜትር ችፑድ ረገጠ። ሸክሙን የሚጋራው የሰሌዳው ስፋት 30 ሴንቲ ሜትር ነው ብንል፣ በችፑዱ ውስጥ የሚፈጠረው ውጥረት 33 ሜጋ ፓስካል ገደማ ይሆናል። ችፑድ ሲታጠፍ የሚችለው ግን ከ10 እስከ 15 ሜጋ ፓስካል ያህል ነው። እግራችን የሾለከው በዕድላችን መጥፎነት ሳይሆን በሂሳብ ነው! ለወለል ተብሎ የሚሠራ ባለ 22 ሚሊ ሜትር ሰሌዳ ከዚያ ችፑድ ይልቅ ጉብጠትን ከ20 እጥፍ በላይ ይቋቋማል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ እንጨምር። የውኃ መቋረጥ ባለባቸው ሰፈሮች አንዳንድ ሰዎች የውኃ ታንከር ከቆርቆሮው ሥር ሲያስቀምጡ አይተናል። የ1000 ሊትር ታንከር ሲሞላ ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል፤ የሚያርፍበት ስፋት ደግሞ ከአንድ ካሬ ሜትር ብዙ አይበልጥም። ከላይ ካሰብነው የወለል ሸክም ስድስት እጥፍ የሚበልጥ ነው። እንጨት ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሸክም ሲያርፍበት ቀስ በቀስ እየጎበጠ ይሄዳል፤ በዓመታት ውስጥ ጉብጠቱ ከመጀመሪያው እጥፍ ሊደርስ ይችላል። «ይኸው ስድስት ወር ሆነው፣ ምንም አልሆነም» ማለት ዋስትና አይሆንም።

ከላይ የሚንጠባጠበው ምንድን ነው?

ዝናብ ሳይዘንብ፣ በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት፣ ከኮርኒስ ላይ የውኃ ምልክት የሚያገኙ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ቆርቆሮው ተበስቷል ብለው ጣሪያ ላይ ይወጣሉ። ቀዳዳ ግን አያገኙም። ውኃው የመጣው ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ነውና።

በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17.3 ግራም የውኃ ተን ሊይዝ ይችላል። በ5 ዲግሪ የሚይዘው ግን 6.8 ግራም ብቻ ነው። ወጥ ሲሠራ፣ ቡና ሲፈላ፣ እንጀራ ሲጋገር፣ ሰዎችም ሲተነፍሱ የቤቱ አየር ተን ይሸከማል። አንጻራዊ ርጥበቱ 60 በመቶ ቢሆን በሜትር ኩብ 10.4 ግራም ይኖረዋል። ይህ ሞቃት አየር በኮርኒሱ ስንጥቆችና በአምፖል ቀዳዳዎች በኩል ወደ ላይ ይወጣል። ሰማዩ በጠራ ሌሊት ደግሞ ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየረጨ ከአካባቢው አየር ይልቅ በጥቂት ዲግሪዎች ይቀዘቅዛል። በደብረ ብርሃንና በሌሎች ከፍተኛ ቦታዎች ሣሩን ውርጭ የሚመታው በዚሁ ምክንያት ነው። ተኑ 5 ዲግሪ ወደ ሆነው ቆርቆሮ ሲደርስ ከእያንዳንዱ ሜትር ኩብ 3.6 ግራም ያህሉ ጤዛ ይሆናል፤ አየሩም ሌሊቱን ሙሉ ከታች ስለሚተካ ጠብታው ይጠራቀማል።

ይህ ውኃ ለቁስ ምርጫችን ትልቅ ትርጉም አለው። ችፑድ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ከደረቀም በኋላ ወደ ቀድሞ ብርታቱ አይመለስም። የጂፕሰም ሰሌዳ ይለሰልሳል። የመስታወት ጥጥ ሲርስ በውስጡ የታሰረውን አየር ውኃ ይተካዋል፤ ውኃ ደግሞ ሙቀትን የሚያስተላልፈው ጸጥ ካለ አየር 24 እጥፍ ያህል አብልጦ ነው። በመሆኑም ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ የወጥ ቤቱ ተን በመስኮት ወይም በጢስ መውጫ ወደ ውጭ ይውጣ። ሁለተኛ፣ ከሙቀት መከላከያው በታች፣ በሞቃቱ ወገን፣ ላስቲክ ተነጥፎ መገጣጠሚያው ይታሸግ። ሦስተኛ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥርና ከጉልላቱ አጠገብ የአየር መተላለፊያ ይተው፤ ወንፊት ሽቦ ከተደረገበት ወፍና አይጥ አይገቡበትም። ሞቃቱ አየር በላይኛው ሲወጣ ቀዝቃዛው በታችኛው ይገባል፤ ያለ ምንም ሞተር።

የሐምሌ ዝናብና የእሳት ነገር

በቆርቆሮ ክዳን ሥር የተማረ ሁሉ በሐምሌ በረዶ ሲወርድ መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ ዝም የሚልበትን ቅጽበት ያስታውሳል። ድምፅን በመከላከል ረገድ ዋናው ነገር መጠነ ቁስ ነው፤ የሰሌዳው መጠነ ቁስ እጥፍ በሆነ ቁጥር የሚያልፈው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። አንድ ካሬ ሜትር ችፑድ 5 ኪሎ ግራም ሲመዝን ሶሌታው 360 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ በዚህ ሕግ ግምት ልዩነታቸው 37 ዴሲቤል ይሆናል። እዚህ ላይ ኮንክሪት ያለ ተቀናቃኝ ያሸንፋል። በእንጨት ወለል ላይም ከመስታወት ጥጡ ሥር ሁለት ድርብ የጂፕሰም ሰሌዳ በመምታት ጥሩ ውጤት ማግኘት ይቻላል።

ጂፕሰም ሌላም ስጦታ አለው። ከክብደቱ 21 በመቶ ያህሉ በክሪስታሉ ውስጥ የታሰረ ውኃ ነው። እሳት ሲነሣ ይህ ውኃ እስኪተን ድረስ ብዙ ሙቀት ስለሚወስድ እሳቱ ወደ ላይ እንዳያልፍ ለተወሰነ ጊዜ ያዘገየዋል። የኤሌክትሪክ ሽቦ በአብዛኛው ከኮርኒስ በላይ እንደሚዘረጋ፣ አይጥም ሽቦ እንደሚቀረጥፍ ካሰብን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በአንጻሩ ፖሊስታይሪን የተባለው ነጭ ፎም ሙቀትን በደንብ ቢከላከልም በቀላሉ ስለሚቀጣጠልና መርዛማ ጢስ ስለሚያወጣ እርቃኑን ሊተው አይገባም። ያረጀ የአስቤስቶስ ሰሌዳ ያለበት ቤት የሚያድስ ሰው ደግሞ ሰሌዳውን በመጋዝ ከመቁረጥና ከመሰባበር ይቆጠብ፤ ብናኙ የሳንባ ካንሰርን ጨምሮ ከባድ በሽታ ያመጣል።

ታዲያ የቱን እንምረጥ?

ከላይ የተመለከትነው ሁሉ የሚያስተምረን አንድ ነገር ነው። ሁሉን የሚችል ቁስ የለም፤ ስለዚህ ሥራውን ለይተን ለየባለሙያው እንስጥ።

ሀ) ማንም የማይወጣበትና ዕቃ የማይቀመጥበት ወለል፦ የጂፕሰም ወይም የችፑድ ኮርኒስ፣ በላዩ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሙቀት መከላከያ። ለጥገና የሚወጣ ሰው የሚራመድበት አንድ የጣውላ መንገድ በአግዳሚዎቹ ላይ ይሠራ።

ለ) ዕቃ ማስቀመጫ ቆጥ፦ በጠርዛቸው የቆሙ አግዳሚዎች፣ በላያቸው ቢያንስ 25 ሚሊ ሜትር ጣውላ ወይም ለወለል የተሠራ ወፍራም ሰሌዳ፣ በመካከላቸው የሙቀት መከላከያ። ባሕር ዛፍ ብርቱ እንጨት ነው፤ ነገር ግን እርጥቡን ከተመታ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ተደርድሮ በጥላ ሥር በደንብ ይድረቅ። ጥድ ምስጥን በመቋቋም የታወቀ ነው።

ሐ) ወደ ፊት መኖሪያ ክፍል የሚሆን ወለል፦ ሶሌታ ይመረጣል። ይሁንና 16 ካሬ ሜትር ሶሌታ ብቻውን ወደ 6 ቶን ይመዝናል። ይህ ሸክም ከመሠረቱ ጀምሮ በመሐንዲስ መታሰብ አለበት እንጂ ግድግዳው ካለቀ በኋላ የሚወሰን አይደለም።

የወንድማችን ቤት በዚሁ መሠረት ተሠራ። ከመኝታ ቤቶቹ በላይ ቆጥ የለም፤ ጂፕሰምና የመስታወት ጥጥ ብቻ ነው ያለው። ቆጡ የተሠራው ከመተላለፊያውና ከዕቃ ቤቱ በላይ ሲሆን፣ ግድግዳዎቹ በዚያ በኩል የሚራራቁት 2 ሜትር ብቻ ነው። 4 ሜትር ርዝመት ስላለው ስፋቱ 8 ካሬ ሜትር ነው። እናታችን የምታስቀምጠው አሥር ኩንታል እህል በዚያ ላይ በእኩል ሲደረደር በካሬ ሜትር 125 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ካሰብነው 150 ኪሎ ግራም በታች ነው። ታንከሩ ከቤቱ ውጭ በራሱ መቆሚያ ላይ ቆመ። አናጢውም ማስመሪያውን በጠርዙ አቁመን ስናሳየው ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «ይህንንስ እጄ ያውቀው ነበር፤ ምክንያቱን ነው ያልነገሩኝ» አለን። እውነቱን ነው። የእጅ ዕውቀትና የሒሳብ ዕውቀት ተለያይተው ሲቆሙ ነው አደጋው የሚመጣው።

ለአንባብያን የሚሆን ትንሽ ሥራ ትተን እንሰናበታለን። በሚቀጥለው ፀሐያማ ቀን ሁለት ቴርሞሜትሮች ውሰዱ። አንዱን ከኮርኒሳችሁ ሥር፣ ሌላውን አልጋችሁ አጠገብ ስቀሉና ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታው 4 ሰዓት ድረስ በየሰዓቱ መዝግቡ። የሁለቱን ልዩነት በግራፍ አስቀምጡት። ከራሳችሁ በላይ ያለው ወለል ሥራውን ይሠራ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ግራፉ ይነግራችኋል። ከኮርኒሱ በላይ ለመውጣት ግን አትቸኩሉ፤ የምትወጡ ከሆነም በቂ ብርሃን ይዛችሁ፣ አግዳሚውን ብቻ እየረገጣችሁ፣ ከታችም ማን እንደ ተኛ አስቀድማችሁ ጠይቃችሁ ይሁን።